ካርዱን ላሚኔት አላደርግም

ሐምሌ ሲጋመስ ሱቄ ውስጥ መቆሚያ አይገኝም። ሱቅ ማለቴ ራሱ ማጋነን ነው። አራት ኪሎ፣ ከሐውልቱ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለች አንድ በር ያላት ፎቶ ኮፒ ቤት ናት። አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የላሚኔት ማሽንና እኔ። የኬጂ ምዝገባ ሲጀመር ወላጅ ከዝናቡ እየሸሸ ይገባል። ከፌስታል ውስጥ ፌስታል ይወጣል። የልደት ሰርተፍኬት፣ የወላጅ መታወቂያ፣ የክትባት ካርድ። «ሁሉንም ሁለት ሁለት አድርጊልኝ።»

ኮፒ የሚያነሳ ሰው የሰው ወረቀት ያነባል። አላነብም የሚላችሁ ካለ ይዋሻል። የክትባት ካርድ ሲመጣ ዓይኔ ቀጥታ ወደ ታችኞቹ ሳጥኖች ነው የሚሄደው። የላይኞቹ ሞልተዋል። እንደተወለደ፣ በ6 ሳምንት፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት። ቀኑ ተጽፏል፣ ተፈርሟል። ቀጥሎ 9 ወር። አንዳንዱ ጋ ባዶ ነው። ቀጥሎ 15 ወር። እዚህ ጋ ባዶው ይበዛል።

ከዚያ አባትየው የካርዱን ጠርዝ በጣቱ እያስተካከለ፣ «ይቺን ደግሞ ላሚኔት አድርጊያት፣ እንዳትቀደድ» ይለኛል።

አላደርግም። ላሚኔት የሆነ ካርድ ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም። ባዶ ሳጥን ያለበትን ካርድ በፕላስቲክ ማሸግ «ጨርሰናል» ብሎ መፈረም ነው። ብር ይዞ የመጣን ደንበኛ መመለስ የጤና አይደለም ይላል ባለቤቴ። ቢል አልፈርድበትም። ግን ምክንያት አለኝ።

በፊት፣ ሰው ክትባት ስለሚጠላ ነው የሚቀረው ብዬ አስብ ነበር። ፌስቡክ ላይ የሚጮኸው እሱ ስለሆነ። ካርዶቹ ግን ሌላ ነው የነገሩኝ። ክትባት የጠላ ሰው አራቴ አይሄድም። እነዚህ እናቶች አራቴ ሄደዋል። በ6 ሳምንቱ መርፌ ልጁን ሲያተኩሰው አብረው ነቅተው አድረው፣ በ10 ሳምንቱ ደግሞ ታቅፈውት ተመልሰዋል። ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ነካቸው?

አንድ ቀን ካልኩሌተሬን አነሳሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። 14 ሳምንት ማለት 98 ቀን ነው። ገባችሁ? ፈቃዱና መርፌው አብረው ነው የሚያልቁት። እናት ሥራ ትገባለች። ልጁ ከሞግዚት ወይ ከአያቱ ጋር ይውላል። ቀጣዩ መርፌ ወደ ስድስት ወር ገደማ ይርቃል፤ ጤና ጣቢያው ክፍት የሚሆነው ደግሞ እሷ ሥራ ላይ በምትሆንበት ሰዓት ነው። «ሰኞ አስፈቅጄ እወስደዋለሁ» ይባላል። ሰኞ ይመጣል፣ ሰኞ ይሄዳል።

የ15 ወሯ ሳጥን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት። አዲስ ናት። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት አገራችን መደበኛ ፕሮግራም ውስጥ የገባው በ2011 ነው። ከዚያ በፊት የወለደች እናት በልምዷ ነው የምትሄደው። 9 ወር ላይ ተወጋ፣ አለቀ፣ እልል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ትልቋ ልጄ ሚጡ የተወለደችው በ2007 ነው። ካርዷ ላይ 15 ወር የሚል ሳጥን ጭራሽ የለም።

ሁለቱም ሳጥኖች የኩፍኝ ናቸው። ኩፍኝ ደግሞ በቤታችን ታሪክ አለው።

አያቴ ፊቷ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ነበራት። ልጆች ሆነን ጉንጯ ላይ ያሉትን ጎድጓዶች በጣታችን እየነካን እንቆጥር ነበር፤ አትከለክለንም። ፈንጣጣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ነሐሴ 1968 ነው። በዓመቱ ጎረቤት ሶማሊያ የመጨረሻው ሰው ታመመ፤ በፈረንጆቹ 1980 የዓለም ጤና ድርጅት ጠፋ ብሎ አወጀ። ለኔ ፈንጣጣ ማለት የአያቴ ጉንጭ ነው፣ በሽታውን አላውቀውም። ለሚጡ ደግሞ ቃሉ ራሱ አዲስ ነው።

ግን አያቴ ስለ ፈንጣጣ ብዙ አታወራም ነበር። የምታወራው ስለ ኩፍኝ ነው። ስንት ወለድሽ ሲሏት ሰባት፣ ስንት አሉሽ ሲሏት አራት ትላለች። ሁለቱን ኩፍኝ፣ አንዷን ትክትክ ነው የወሰደባት። «ኩፍኝ ያልወጣለትን ልጅ ልጄ ብለሽ አትመኪበት» ትለኝ ነበር፣ ቡናዋን እየቆላች፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ። ያኔ ጨካኝ ትመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

የዛሬ ሁለት ዓመት መጋቢት ውስጥ ነው። የምንኖረው ግንፍሌ፣ ስምንት አባወራ በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ነው። ከአቡሽ እናት ጋር ግድግዳችን አንድ ነው። ስታስነጥስ ከዚህ ሆኜ «ይማርሽ» እላታለሁ። አቡሽ ያኔ 13 ወሩ ነበር። መጀመሪያ ጉንፋን መሰላት። አፍንጫው ይፈሳል፣ ያስለዋል፣ ያተኩሰዋል። ዓይኑ ደም መስሎ ከአምፖሉ ሲሸሽ ነው ነገሩ ያላማራት። በአራተኛው ቀን ከጆሮው ጀርባና ከፀጉሩ መነሻ ሽፍታ ወጣ። በማግስቱ ደረቱ ላይ ነበር፣ ከዚያ እግሩ ደረሰ። ቀይ፣ ሻካራ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ።

ግቢው ወዲያው ገባው። ቡና ተፈላ፣ ፈንድሻ ተበተነ፣ መስኮቱ በነጠላ ተጋረደ። ከውጭ የመጣ ሰው እንዳይገባ ተባለ። የግቢያችን ትልቅ ሰው እማማ በሩ ላይ ቆመው «ኩፍኝ መርፌ አይወድም፣ ሐኪም ቤት እንዳትወስጂው» አሉ።

በእማማ መሳቅ ቀላል ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ከነገሩት ግማሹ ትክክል ነው። ብርሃን ልጁን ያሰቃየዋል፣ ጨለማው ያሳርፈዋል። ሰው አይግባ ማለትም ሌላውን ልጅ ማዳን ነው። ከዚህ የተሻለ ኳራንቲን ማንም አላስተማራቸውም። ያጠፉት በመጨረሻዋ ቃል ነው። ኩፍኝ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ራሱ ሳይሆን ተከትሎት በሚመጣው የሳንባ ምችና ተቅማጥ ነው። እነሱ ደግሞ ሐኪም ይፈልጋሉ። አቡሽ በሦስተኛው ሌሊት ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ጎኑ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ እናትየው እማማን ጥሳ ሮጠች። ተኝቶ ታከመ። ለሁለት ተከታታይ ቀን ቫይታሚን ኤ ተሰጠው፤ ዓይኑን ያተረፈለት እሱ ነው አሉ።

እኔ ግን ከዚያ ቀደም ብዬ ነው ቢፌውን የበረበርኩት።

ትንሹ ልጄ ሳምንቱን ቀበና እናቴ ጋ ነበር የሰነበተው። የተመለሰው የአቡሽ ሽፍታ ከመውጣቱ አንድ ቀን በፊት ማታ ነው። እንደተመለሰ ደግሞ ሁለቱ አንድ ብስኩት ለሁለት ሲልሱ አይቻለሁ። ሽፍታው በወጣ ማታ ካርዱን ከመሳቢያው አወጣሁት። 9 ወር፣ ተጽፏል። 15 ወር፣ ባዶ። ልጁ 17 ወሩ ነው። የሰው ካርድ ሳነብ የምውል ሴትዮ!

በነጋታው ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ጤና ጣቢያ ደረስኩ። ሲስተሯ አልተቆጣችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከታመመው ልጅ ጋር ከተገናኙ ስንት ሰዓት ሆነው?» ቆጠርኩ። ሠላሳ ስድስት ሰዓት ገደማ። «ደርሰሻል» አለችኝ። የኩፍኝ ክትባት ልጁ ከበሽተኛ ጋር በተገናኘ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ቀድሞ ሊይዝለት ይችላል።

እንዴት ይቀድማል? ይሄን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል፤ በሥራዬ ነው የገባኝ። የኩፍኝ ክትባት የኩፍኝ ፎቶ ኮፒ ነው። ራሱ ቫይረሱ ነው፣ ግን ተዳክሞ የደበዘዘ። ቀለሙ ያለቀበት ኮፒ በሉት። ደብዛዛ ቢሆንም ፊቱ ይለያል። ሰውነት መልኩን ያጠናል፣ መሣሪያውን ያዘጋጃል፣ ፋይሉን ያስቀምጣል። ዋናው ኩፍኝ ደግሞ ከገባበት ቀን ጀምሮ ትኩሳት እስኪያመጣ አሥር ቀን ገደማ ይፈልጋል። ኮፒው በጊዜ ከደረሰ ዘበኛው ፎቶውን ይዞ በር ላይ ይቆማል። ሁሉም ክትባት ግን እንደዚህ አይደለም። እነ መንጋጋ ቆልፍ ያሉበት የ6 ሳምንቱ መርፌ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር የለም፤ የተዳከመ መርዝ፣ የሞተ ተህዋሲ ወይም የተህዋሲ ቁራጭ ነው። ሙሉ ገጽ ሳይሆን ጉርድ ፎቶ። ለዚህ ነው ሦስቴ የሚደጋገመው፣ አንዴ ብቻ ያየነውን ጉርድ ፎቶ ቶሎ እንረሳዋለን።

ሲስተሯን አንድ ነገር አስጨንቄ ጠየቅኳት። 9 ወር ላይ ከተከተበ ለምን እፈራለሁ? እኔ ሁለተኛው መርፌ ማጠናከሪያ ይመስለኝ ነበር፤ ሻይ ላይ ስኳር እንደመጨመር። አይደለም አለችኝ። በ9 ወር ከሚከተቡ 100 ልጆች 85 ያህሉን ይይዝላቸዋል። 15ቱን ሳይዝላቸው ይቀራል። ምክንያቱ አንዳንዴ እናትየው ናት። እናት በእርግዝና ለልጇ የሰጠችው መከላከያ ደሙ ውስጥ ተርፎ ክትባቱን ራሱ ያጠፋዋል። የትኛው ልጅ ከ85ቱ፣ የትኛው ከ15ቱ እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ የ15 ወሩ ላመለጣቸው ሁለተኛ ዕድል ነው። የእኔ ልጅ ከየትኛው ወገን እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም። ኩፍኝ አልወጣበትም። በቃ።

እየጠበቅን ሳለ የክትባቷን ብልቃጥ አሳየችኝ። የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ናት። ውስጧ ደረቅ ዱቄት ነው፣ በፈሳሽ ይበጠበጣል። ክዳኗ ላይ ሐምራዊ ክብ አለ፣ በክቡ ውስጥ ነጣ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን። ሙቀት ሲያገኛት አራት ማዕዘኗ ቀስ እያለች ትጠቁራለች። ክቡን ከመሰለች ብልቃጡ ይጣላል። ከፋብሪካ እስከ አራት ኪሎ ያየችውን ሙቀት ሁሉ ይዛ ነው የምትመጣው፤ መብራት ጠፋ፣ መኪና ተበላሸ፣ ሰበብ አትሰማም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል ነው መቀመጥ ያለበት። ያቺን አራት ማዕዘን ካየሁ ወዲህ የኮፒ ማሽኔን የቀለም መብራት አላምነውም።

ከተበጠበጠች በኋላ ደግሞ ዕድሜዋ 6 ሰዓት ነው። ያልተሰጠው ይደፋል። የአቡሽ ነገር ወለል ብሎ የገባኝ ያኔ ነው። እናቱ በ9 ወሩ ወስዳው ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። «ዛሬ የኩፍኝ ቀን አይደለም፣ ብልቃጧ የአሥር ልጅ ናት፣ ልጅ አልሞላም፣ ሐሙስ ነይ» ተባለች። ካፌ ውስጥ ወጥ ቤት ናት የምትሠራው፤ ሐሙስ ማን ያስፈቅዳታል? ቀረች። የዘጠኝ ልጅ መድኃኒት እንዳይደፋ ተብሎ አንድ ልጅ ተመለሰ። ቁጠባው ይገባኛል፣ እኔም ወረቀት ቆጥሬ ነው የምሠራው። ግን ያቺ አንድ ልጅ ኋላ ላይ ስንት አልጋ፣ ስንት ኦክስጅን እንደምትፈጅ የሚደምር ሰው አለ ወይ? ብልቃጧን ክፈቷት እላለሁ። አንድም ልጅ ቢሆን።

ይቺን የ72 ሰዓት ነገር ለአባቴ ስነግረው ሳቀ። «እኔም እኮ ከነከሰኝ በኋላ ነው የተከተብኩት» አለኝ። ልጅ ሆኖ ሰባ ደረጃ አጠገብ ውሻ ነክሶት ነበር። ፓስተር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ የእብድ ውሻ ክትባት የሚሠራውም የሚሰጠውም እዚያ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ በእግሩ እየተመላለሰ፣ ሆዱ ላይ ተወጋ። የያኔው ክትባት የሚዘጋጀው ከበግ አንጎል ነበር። «በዓል ሲመጣ በግ ባንቀምስም እኔ በሆዴ በኩል በልቻለሁ» ይላል እስከዛሬ። የእብድ ውሻ ቫይረስ በነርቭ በኩል ቀስ ብሎ ነው ወደ አንጎል የሚጓዘው፣ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጅበታል። ክትባቱ አቋራጭ ይዞ ይቀድመዋል። ምልክቱ ከጀመረ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። (ውሻ ከነከሳችሁ መጀመሪያ ቁስሉን በውሃና ሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ ሩጡ። ዛሬ ክንድ ላይ ነው የሚወጋው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው።)

አባቴ ይሄን ሲያወራ እናቴ የእኔን ካርድ ከሻንጣዋ አወጣች። 1978 የተጻፈ፣ የቆዳ ቀለም የያዘ ወረቀት። የክትባት ፕሮግራሙ አገራችን ውስጥ የተጀመረው ልክ ፈንጣጣ ጠፋ በተባለበት በፈረንጆቹ 1980 ነው። ያኔ ስድስት በሽታ ነበር የሚከለክለው፦ ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የልጅነት ልምሻና ኩፍኝ። «ስድስቱ ገዳይ በሽታዎች» የሚለውን በሬዲዮ ያልሰማ የእኔ እድሜ ሰው የለም። የልጄ ካርድ ላይ የጉበቱ፣ የሳንባ ምቹ፣ የተቅማጡ ተጨምረዋል። የሳንባ ምቹ በ2004፣ የተቅማጡ፣ ሮታ የሚባለው ጠብታ፣ በ2006 ነው የገቡት፤ ለሚጡ ሁለቱም ደርሰውላታል። የዱር ፖሊዮ ደግሞ ነሐሴ 2012 ከአፍሪካ ጠፋ ተብሏል። ኮቪድ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም፣ እኔም ጭምር።

አቡሽ ተሻለው። ግን ወራት ሙሉ ሲያመው ከረመ። ጆሮው መገለ፣ ሆዱ አልጸና አለ፣ ያለፈው ጉንፋን ሁሉ እሱ ጋ ያድር ነበር። ዓይን ነው ተባለ። እኔ ግን በኋላ ያነበብኩት ነገር ከዓይን ይልቅ አስፈራኝ። ኩፍኝ ሰውነት ስለ ሌሎች በሽታዎች ያስቀመጠውን ፋይል ይሰርዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ኩፍኝ የያዛቸው ልጆች ቀድሞ ከነበራቸው መከላከያ ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን አጥተው ተገኝተዋል። ኮምፒውተሬ አንዴ በቫይረስ ፎርማት ሆኖ ያውቃል፤ የደንበኛ ሲቪ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም ሄደ። እንደዚያ ነው። የጠፋውን እንደገና መጻፍ። አያቴ ልጄ ብለሽ አትመኪበት ስትል ጨካኝ እንዳልነበረች የገባኝ ያን ሳነብ ነው፤ ከኩፍኝ የተረፈውም ወዲያው እንደማይተርፍ በዓይኗ አይታለች።

ደግሞም የእኔን ልጅ ብቻ አስከትቤ አላረፍኩም። አንድ የኩፍኝ በሽተኛ ማንም ካልተከተበበት ሰው መሀል ቢገባ ከ12 እስከ 18 ሰው ያሲዛል። ከወጣ በኋላም ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል። አሁን ከአራት ኪሎ ፒያሳ የሚሄደውን ሚኒባስ አስቡት። አሥራ ሁለት ሰው፣ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ አንድ ሰው መስኮት ሊከፍት ሲሞክር ከኋላ «ዝጋው ባክህ፣ ምች ሊመታን ነው!» ኩፍኝ ከእኛ የተሻለ አስተናጋጅ አያገኝም። ለዚህ ነው ከ100 ልጅ 95ቱ ካልተከተበ አያቆምም የሚሉት። ገና 9 ወር ያልሞላቸው ሕፃናት ያለ መርፌ እዚያው ታክሲ ውስጥ ናቸው፤ የሚጠብቃቸው አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ ካርድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ላሚኔት አላደርግም።

ባለፈው ሐምሌ አንድ አባት በዚህ ነገር ክፉኛ ተቆጣኝ። ጃኬቱ በዝናብ ርሷል፣ ቸኩሏል። ካርዱ ላይ 15 ወሯ ባዶ ናት። ልጁ አራት ዓመት ሊሞላው ነው።

«እህት፣ አንቺ ኮፒ ቤት ነሽ ሐኪም?» አለኝ።

«ኮፒ ቤት ነኝ። ጤና ጣቢያው በነፃ ነው፤ አልፏል ወይ ብለህ ጠይቃቸው። ካልሆነ ይጽፉልሃል። እኔ ካሸግኩት ግን አይጻፍበትም።»

«ሌላ ጋ አደርጋለሁ!»

«ሌላ ጋ አድርግ።»

ሄደ። ባለቤቴ ማታ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። እኔም በሆዴ፣ ይሄን አፌን አንድ ቀን እከፍልበታለሁ ብያለሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ መጣ። ያው ጃኬት። ልጁንም ይዞታል፤ ልጁ ባንኮኒው ላይ ያለውን ስቴፕለር ወዲያው ያዘ። አባትየው ምንም ሳይል ካርዱን አስቀመጠ። የመጨረሻዋ ሳጥን ውስጥ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀን ተጽፏል። ማሽኑን አሞቅኩት። ካርዱን በፕላስቲኩ መሀል አስገብቼ፣ ጠርዙን አስተካክዬ፣ ሳላፈጥን አሳለፍኩት። ትኩሱን ሰጠሁት።

ሒሳቡን ስነግረው፣ «ውይ፣ ባለፈው እኮ ይቀንስ ነበር!» ብሎ ተከራከረኝ።